«1000 ዋት» የሚል ትንሽ ሰብውፈር ልትገዙ ያሰባችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ ቆም በሉ

ወገኖቼ፣ ብሬን ከመክፈሌ በፊት ይህን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ። ደሴ ውስጥ ካለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ በ8,500 ብር ትንሽ ሰብውፈር (ታችኛውን፣ ወፍራሙን ድምጽ ብቻ የሚያወጣ የስፒከር ሣጥን) ገዛሁ፤ ዕቃው ግን የተባለው አይደለም። የሱቁን ስም አልጠራም። ያንኑ ሣጥን ሌላ ስም ተለጥፎበት በሌሎች ሁለት ሱቆች አይቼዋለሁ፣ ኮምቦልቻ ወርጄም አንድ ቦታ አጋጥሞኛል። ስለዚህ ከሱቁ ይልቅ ዕቃውን ብታውቁት ይሻላል፤ ከአንዱ ሸሽታችሁ ከጎረቤቱ እንዳትገዙት።

የተከራየኋት ክፍል ርዝመቷ 3 ሜትር ተኩል፣ ወርዷ 3 ሜትር ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ባለ 4 ኢንች ሁለት ቡክሼልፍ (መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ትንንሽ) ስፒከሮች አሉኝ። እህቴ ከዱባይ ስትመጣ ያመጣችልኝ ናቸው፣ በጣም ነው የምወዳቸው። ማሲንቆ ስከፍት የደጋኑ ጭራ ሲፋተግ ይሰማኛል፤ አምባሰል የሚያዜመው ሰው ትንፋሹን ሲስብ ሳይቀር ይሰማኛል። የጎደላቸው ታችኛው ድምጽ ነው። መንዙማ ስከፍት የድቤው ቆዳ ሲመታ እሰማለሁ፣ ከምቱ በኋላ የሚመጣው ደረት ላይ የሚያርፈው ጉምታ ግን የለም። ይህ የስፒከሮቹ ጥፋት አይደለም፤ ባለ 4 ኢንች ኮን (እየተርገበገበ አየር የሚገፋው ክብ ሽፋን) ከ70 ኸርዝ ገደማ በታች በቂ አየር መግፋት አይችልም፤ ኸርዝ ማለት ድምጹ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ድምጹ ይወፍራል። የሰው ጆሮ ደግሞ ከ20 ኸርዝ ጀምሮ ይሰማል፣ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ላይ ነው የሚጮኸው። እኔ የፈለግኩት ያንን ክፍተት በልኩ የሚሞላልኝ ነገር ነበር። ቤት እንዲያንቀጠቅጥ አልፈለግኩም።

ይህንኑ ለባለሱቁ አስረዳሁት። «አብሽር ወንድሜ፣ ላንተ የሚሆን አለኝ። ለትንሽ ክፍል ትንሽ ነገር ይበቃል» አለኝ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «1000 ዋት» ተጽፏል፤ ከሥሩ በደቃቁ «ፒኤምፒኦ» (ለቅጽበት ብቻ ይወጣል የሚባል ጉልበት) ይላል። ሱቁ ጠባብ ነው። ሣጥኑን በሁለት ግድግዳና በባንኮኒው መካከል ጥግ ውስጥ ወትፎታል። ከስልኩ የጭፈራ ቤት ሙዚቃ ሲከፍትበት መስታወት ውስጥ የተሰቀሉት ቻርጀሮች ተንቀጠቀጡ። «ወላሂ ይኼ አዳራሽ ይይዛል!» አለ። እኔ የያዝኩትን መንዙማ ልክፈትበት ስለው «ያው አንድ ነው» ብሎ ማሸግ ጀመረ። 9,200 ነበር የጠራው፤ ያለ ደረሰኝ ከሆነ 700 ብር እቀንሳለሁ አለኝ፣ እኔም እሺ አልኩ። ይህቺን «እሺ» አስታውሱልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ማታ ቤት ገብቼ ገመዱን አያያዝኩ፣ መብራቱን ቀነስ አድርጌ ቁጭ አልኩ። መንዙማው ሲጀምር የመሪው ድምጽ ከጠረጴዛው ላይ መምጣቱን ትቶ ከአልጋዬ ግርጌ፣ ሣጥኑን ካስቀመጥኩበት ጥግ መጣ። ሰውየው ግማሽ አካሉ ከፊቴ፣ ግማሹ ከወለሉ የሚያዜም ይመስል ነበር። ተቀባዮቹ ሲገቡ ጭራሽ ድፍንፍን አለ። ድቤው ደግሞ የትኛውም ምት ቢመታ መልሱ አንድ ነው፦ «ቡም»። ቀጭኑም ምት ቡም፣ ወፍራሙም ቡም። ኮርኒሱ ተርገበገበ፣ ከግድግዳው ማዶ የአከራዬ ረከቦት ላይ ያሉት ሲኒዎች ተንጫጩ። እሳቸውም መጥተው በር አንኳኩ። «ልጄ፣ ደህና ነህ? ግድግዳውን ምን ነካው?» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ አጠፋሁት።

በማግሥቱ ስልኬ ላይ የድምጽ ሞገድ የሚያወጣ አፕ ጫንኩና ስፒከሮቹን ነቅዬ ሰብውፈሩን ብቻውን ፈተንኩት። 100 ኸርዝ ላይ ይጮኻል። 70 ላይ መስኮቱ ተንጫጫ። 50 ላይ ድምጹ ጥሎ ወረደ። 40 ላይ ከፊት ባለው ቀዳዳ አንድ ብጣሽ ሶፍት ይዤ ቆምኩ፤ ሶፍቱ እየተውለበለበ «ፉፉፉ» የሚል ነፋስ ብቻ ወጣ እንጂ ድምጽ የሚባል የለም። እንግዲህ ሰብውፈር የምንገዛው ለዚያ ለታችኛው ነው። ከ70 በላይማ ስፒከሮቼም ያወጡታል!

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የማውቀው ጠጋኝ ወሰድኩት፣ አብረን ፈታነው። ያየሁትን እንደወረደ ልንገራችሁ። በጎኑ «ሁለተኛ ቤዝ» የተባለልኝ ክብ ነገር ኮን አይደለም። ጎማውና ወረቀቱ በሙጫ ቺፕውዱ ላይ ተለጥፏል፣ ከኋላው ያለው እንጨት እንኳ አልተቀደደም። (ማግኔት የሌለው ኮን በጥሩ ሰብውፈሮችም ላይ አለ፤ ያኛው ግን እንጨቱ ተቀዶለት እንደ ልቡ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል። በጣት ቀስ ብላችሁ ስትጫኑት ገባ ካላለ የጌጥ ነው።) እውነተኛው ኮን አንድ ብቻ ነው፣ ማግኔቱ ከቡና ሲኒ ማስቀመጫ አይበልጥም። ሰሌዳው ላይ ቲዲኤ 2030 የተባሉ ሦስት ድምጽ የሚያጎሉ ቺፖች ተደርድረዋል። ጠጋኙ «እነዚህ እያንዳንዳቸው ከ14 እስከ 18 ዋት ቢያወጡ ነው፤ ሁለቱ ለግራና ለቀኝ ስፒከር ናቸው፣ ለቤዙ የቀረው አንዱ ነው» አለኝ። የገዛሁት ነገር ያኔ ገባኝ። ዕቃው ከሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ጋር ባንድ ካርቶን የሚሸጥ ስብስብ ዋና ሣጥን ነው። ስፒከሮቹን ለብቻ አውጥተው፣ ሣጥኑን «ሰብውፈር» ብለው ለብቻው ይሸጡታል።

የመሪው ድምጽ ከጥግ የመጣበትም ምክንያት እዚሁ ላይ ነው። የእኔ ዓይነት ስፒከር ላለው ሰው ሰብውፈሩ ከ80 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን እየቆረጠ መተው አለበት፤ ከዚያ በታች ያለ ድምጽ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ጆሮ አይለይም። የወንድ ድምጽ መነሻው በግምት ከ85 እስከ 180 ኸርዝ ነው። የስብስቡ ሣጥን ግን የተሠራው አውራ ጣት ለሚያህሉ ስፒከሮች ስለሆነ እስከ 200 ኸርዝ ድረስ ራሱ ይጫወታል፤ መቁረጫውን የምታወርዱበት ቁልፍም የለውም። ፊት ለፊቱ ላይ «ቤዝ» የሚለው ቁልፍ ድምጹን ከፍና ዝቅ ያደርጋል እንጂ የሚቆርጥበትን ቦታ አይለውጥም። እኔ ይህን ቁልፍ ነው መቁረጫ መስሎኝ የገዛሁት፣ ባለሱቁም አዎ ብሎኛል።

ዋቱን በተመለከተ፣ እባካችሁ ካርቶኑን ተዉትና ሣጥኑን ገልብጡት። ከኋላው፣ የመብራት ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ ትንሽ ጽሑፍ አለች። የእኔው «220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 45 ዋት» ይላል። 45 ዋት ማለት ከሶኬቱ የሚወስደው ነው። ከሶኬት 45 የሚወስድ መሣሪያ፣ ለቅጽበት ካልሆነ በቀር፣ ከ45 በላይ ሊሰጥ አይችልም፤ ከዚያም ላይ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ፒኤምፒኦ የሚባለው ቁጥር ወጥ መለኪያ የለውም፣ ፋብሪካው የፈለገውን ይጽፋል። ልትጠይቁበት የሚገባው አርኤምኤስ የሚለው ነው፤ እሱም ሳያቋርጥ ሊያወጣው የሚችለው ማለት ነው። ባለሱቁ አርኤምኤስ ስትሉት ግር ካለው ራሳችሁ ኋላውን አንብቡ።

«ለትንሽ ክፍል ትንሽ ነገር ይበቃል» የሚለው ንግግር ብዙ ሰው ያሳምናል፣ እኔንም አሳምኖኛል። እውነትነት ያለው በጩኸት በኩል ብቻ ነው። ትንሽ ክፍል ብዙ ጩኸት አትፈልግም፤ ጥልቀት ግን ያው ጥልቀት ነው። ትንሽ ሣጥን፣ ጥልቅ ድምጽ እና ትንሽ ጉልበት ሦስቱ አብረው አይሄዱም። ሣጥኑ ካነሰ በጥልቀት ለመውረድ ከባድ ኮን፣ ኮኑን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሩቅ የሚያስኬድ ጎማ እና ጠንካራ አምፕሊፋየር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ደህና ትንሽ ሰብውፈር በመጠኑ ትንሽ ሆኖ በክብደቱ ያስገርማል። ባለ 8 ኢንቹ ብዙውን ጊዜ ወደ 10 ኪሎ ይጠጋል ወይም ያልፋል። የእኔው 4 ኪሎ አይሞላም፣ ባንድ እጄ አንጠልጥዬ ነው ሸዋ በር የሚባለው ሰፈር ድረስ በእግሬ የወሰድኩት። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ለጠባብ ክፍል ቀዳዳ የሌለው፣ ድፍን ሣጥን ቢሆን የእኔ ምርጫ ነው። ቀዳዳ ያለው ሣጥን ከተስተካከለበት ኸርዝ በታች ድምጹ በድንገት ይወድቃል፤ ድፍኑ ግን ቀስ እያለ ነው የሚቀንሰው፣ ትንሽ ክፍል ደግሞ ታችኛውን ድምጽ በራሷ ከፍ ታደርጋለች፣ ሁለቱ ይደጋገፋሉ። በተጨማሪ የክፍሉን ርዝመት ለኩ። ድምጽ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ 343ን ለርዝመቱ እጥፍ ስታካፍሉት ክፍሉ በራሱ የሚያጎላውን ድምጽ ታገኛላችሁ። የእኔ 3 ሜትር ተኩል 49 ኸርዝ ይሰጣል፣ 3 ሜትሩ 57። ሱቅ ጥግ ውስጥ የሰማችሁት ቤት ስትገቡ የማይደገመው በዚህ ነው። ጥሩ ዕቃ እንኳ ቢሆን ቦታው ካልተመረጠለት ያጉረመርማል። ሰብውፈሩን እናንተ በምትቀመጡበት ወንበር ላይ አስቀምጡትና የምታውቁትን ሙዚቃ ከፍታችሁ፣ ተንበርክካችሁ በግድግዳው ጥግ ጥግ ዙሩ፤ ቤዙ ጥርት ብሎ የተሰማችሁ ቦታ ላይ እሱን አስቀምጡት።

ከኋላው ያሉትን ቁልፎችም እዩ። ከ40 ወይም 50 እስከ 150 ኸርዝ ገደማ ቁጥር የተጻፈበት የሚዞር መቁረጫ፣ ለብቻው የድምጽ መጠን ቁልፍ፣ 0 እና 180 የሚል ፌዝ የሚባል (የሰብውፈሩ ኮን ከስፒከሮቹ ጋር እኩል እንዲገፋ የሚያስተካክል) ማብሪያ ሊኖረው ይገባል። ያገለገለ ከሆነ ቮልቱን ሳታዩ እንዳትሰኩት፤ ከጃፓን የመጣው 100 ቮልት፣ ከአሜሪካ የመጣው 120 ቮልት ነው፣ የእኛ መብራት በአንድ ሴኮንድ ያቃጥለዋል። ለመኪና የተሠራ የ12 ቮልት ሰብውፈርም «በአዳፕተር ይሠራል» ተብሎ ሲሸጥ ሰምቻለሁ፤ ተዉት።

አሁን ወደዚያች «እሺ» ልመለስ። በአራተኛው ቀን ዕቃውን ይዤ ተመለስኩ። ባለሱቁ ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። «ድምጽ አላወጣም? አውጥቷል። ታዲያ ምን ጎደለው?» አለኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ፣ ቀጥሎ ግን «ደረሰኝህን አሳየኝ» አለ። የለኝም። ከዚህ ሱቅ መግዛቴን የሚያሳይ ምንም ወረቀት የለኝም። በ700 ብር መብቴን ሸጬ ነበር የወጣሁት። ደረሰኝ ላይ የዕቃው ዓይነትና «ሰብውፈር» የሚለው ቃል ራሱ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ፤ ከልብ ነው የምላችሁ፣ ለሻጭ መክፈል ያለባችሁን ሁሉ ክፈሉና ወረቀቱን ያዙ።

ስፒከሮቼን ለጊዜው ወደ ግድግዳው አስጠጋኋቸው። ከኋላቸው አንድ ስንዝር ክፍተት ነው የተውኩት፤ ድቤው ሙሉ ባይሆንም ሥጋ አግኝቷል፣ ሳንቲምም አላስወጣኝም። ቤዝ የጎደላችሁ ሰዎች ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ይህንን ሞክሩት።

ባለፈው ቅዳሜ በዚያ ሱቅ በር ሳልፍ ሣጥኑ መስታወቱ ፊት ቆሟል። ጥቁር፣ ከፊቱ ክብ ቀዳዳ ያለው፣ በጎኑ ያ የተለጠፈ ኮን፣ ከላዩ የብር ቀለም መስመር። አሁን ወርቃማ ስቲከር ተለጥፎበት «1500 ዋት» ይላል። ገባ ብዬ ገለበጥኩት፤ ኋላው ያለችው ጽሑፍ ያው ናት፣ 45 ዋት።