«ሁሉንም ጨዋታ ታያላችሁ» የሚል የቤዝቦል ፓኬጅ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ወገኖች፣ ሲዝኑ ሊጀመር ነው፣ ሻጮቹም መደወል ጀምረዋል። ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ የቤዝቦል ወዳጆች ይህን ሳታነቡ ካርዳችሁን እንዳታወጡ። «ሁሉም ቡድን፣ ሁሉም ጨዋታ» እየተባለ የሚሸጠው ፓኬጅ የዋሽንግተኑን ናሽናልስንም የባልቲሞሩን ኦሪዮልስንም ጨዋታ በቀጥታ አያሳያችሁም። ሌሎቹን ቡድኖች ያሳያችኋል። የራሳችሁን ግን አያሳይም። ቤታችሁ ከስታዲየሙ ፊት ለፊት ቢሆን እንኳ ለውጥ የለውም፤ እንዲያውም ጥፋታችሁ ቅርብ መሆናችሁ ነው።

ነገሩ የደረሰው አንድ ጓደኛዬ ላይ ነው። አሌክሳንድሪያ ይኖራል፣ ታክሲ ይነዳል። ቤዝቦል የለመደው በልጁ ነው። ልጁ ሊትል ሊግ (የልጆች ቤዝቦል ውድድር) ሲገባ አባትየው አጥሩ ጋ ቆሞ ሌሎቹን ወላጆች እየጠየቀ ጨዋታውን ተማረ፤ አሁን ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) መቼ መቀየር እንዳለበት ከአሰልጣኙ ቀድሞ የሚናገር ሰው ሆኗል። ማርች ላይ የኬብል ድርጅቱ ሰው ደወለለት። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ሌሎቹም ያው ስለሆኑ። ሻጩ ምላሱ ቅቤ ነው። «ቤዝቦል ይወዳሉ አይደል? የሁሉም ቡድን ጨዋታ፣ በየቀኑ፣ በአራት ክፍያ ብቻ» አለው። ጓደኛዬም «ናሽናልስም አለ?» ብሎ ጠየቀ። ልብ በሉ፣ ጠይቋል። ሻጩ የመለሰው «ሁሉም ቡድን ነው ጌታዬ» ብሎ ነው።

የመክፈቻው ቀን መጣ። ልጁ ኮፍያውን አድርጎ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፣ እናትየው ፈንዲሻ አፈንድታለች። ቻናሉ ሲከፈት ጥቁር ስክሪንና አንዲት መስመር ጽሁፍ፤ ጨዋታው በአካባቢዎ አይተላለፍም ትላለች። ወደሚቀጥለው ቻናል ሲሄድ ካንሳስ ሲቲ አለ፣ ጥርት ብሎ ይታያል። ሳንዲያጎም አለ። ናሽናልስ ላይ ሲመለስ ያው ጥቁር ስክሪን። ደወለ። የደንበኞች አገልግሎቷ ልጅ በትህትና አስረዳችው፤ የአካባቢው ቡድን የሚተላለፈው በሌላ የስፖርት ጣቢያ ነው፣ ያ ጣቢያ ደግሞ እሱ በያዘው ርካሽ ፓኬጅ ውስጥ የለም፣ እሱን ለማግኘት ወደ ከፍተኛው ፓኬጅ ማደግ አለበት፣ በዚያ ላይ «የሪጅናል ስፖርት ክፍያ» የሚባል በየወሩ ይጨመራል። በአጭሩ፣ ለማያየው ቡድን ሁሉ ከፍሎ ለሚወደው አንድ ቡድን እንደገና ይክፈል ነው የምትለው።

«እሺ፣ ገንዘቤን መልሱልኝ» አላት። «ሲዝኑ ከተጀመረ በኋላ አይመለስም» አለችው። ሲዝኑ የተጀመረው በዚያው ቀን ነው! ጉዳዩ የሚታወቀው ሲዝኑ ሲጀመር ነው፣ የመመለሻው በር የሚዘጋውም ያኔ ነው። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው።

አሁን ለምን እንዲህ እንደሚሆን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የኢንተርኔቱ ወይም የቴሌቪዥኑ ችግር ይመስለዋል። በሜጀር ሊግ ቤዝቦል 30 ቡድኖች አሉ። እያንዳንዱ ቡድን የተመደበለት የቴሌቪዥን ክልል አለው። በዚያ ክልል ውስጥ ጨዋታውን የማሳየት መብት ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ለአንድ የአካባቢ ጣቢያ ነው፣ ጣቢያውም ብዙ ገንዘብ ስለሚከፍል ሌላ ማንም በክልሉ ውስጥ እንዲያሳይ አይፈልግም። ስለዚህ አገር አቀፉ ፓኬጅ፣ በኬብልም ይሁን በስትሪሚንግ፣ ያለህበትን ቦታ ያይና የአካባቢህን ቡድን ይዘጋብሃል። ብላክአውት የሚሉት ይህንን ነው። ቡድኑ ሜዳው ላይ ቢጫወትም ሎስ አንጀለስ ሄዶ ቢጫወትም ይዘጋል። ስትሪሚንግ ላይ ጨዋታው ካለቀ ከ90 ደቂቃ ገደማ በኋላ ይለቁታል፤ ውጤቱን ቀድሞ በስልኩ ያየ ሰው ደግሞ ምን ያደርግለታል።

ክልሎቹ ይደራረባሉ፣ የኛም አካባቢ እንደዚያ ነው። ዲሲ ውስጥ ናሽናልስም ኦሪዮልስም «የአካባቢ ቡድን» ናቸው፣ ሁለቱም ይዘጋሉ። ከኛ የባሱም አሉ። አይዋ ግዛት አንድም የሜጀር ሊግ ቡድን የላትም፣ ግን ስድስት ቡድን ይዘጋባታል፤ ሁለቱ የቺካጎ ቡድኖች፣ ሴንት ሉዊስ፣ ካንሳስ ሲቲ፣ ሚኒሶታና ሚልዋኪ። ላስ ቬጋስም እንዲሁ ስድስት ይዘጋባታል። ቬጋስ ያላችሁ ወገኖች የሎስ አንጀለሱን ዶጀርስን አያለሁ ብላችሁ ከገዛችሁ ያው ጥቁር ስክሪን ነው የሚጠብቃችሁ።

የኛ አካባቢ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ዋሽንግተን ከ1971 በኋላ ቡድን አልነበራትም፤ ሴናተርስ ወደ ቴክሳስ ሄደው ቀሩ። በ2005 የሞንትሪያሉ ኤክስፖስ ወደዚህ ሲመጣና ናሽናልስ ሲባል የባልቲሞሩ ኦሪዮልስ ባለቤት ገበያዬን ትሻሙብኛላችሁ ብለው አኮረፉ። እሳቸውን ለማባበል ማስን የሚባለው ጣቢያ ተቋቋመ፣ የሁለቱንም ቡድን ጨዋታ እንዲያሳይ፣ አብላጫው ድርሻ ግን የኦሪዮልስ እንዲሆን። ከዚያ ለናሽናልስ ስንት ይከፈል በሚለው ከአሥር ዓመት በላይ ፍርድ ቤት ተመላለሱ። የተስማሙት በማርች 2025 ነው፣ ስምምነቱም ናሽናልስን ከዚያ ሲዝን በኋላ ወደፈለጉበት እንዲሄዱ ነጻ አወጣቸው። ይህን የምነግራችሁ ያለምክንያት አይደለም። «አምና ያየሁት በዚህ ቻናል ነው፣ ዘንድሮም እዚያው ይሆናል» ብላችሁ ለዓመት እንዳትፈርሙ። በየዓመቱ ማርች ላይ የቡድኑ ድረ ገጽ ገብታችሁ ጨዋታው የት እንደሚታይ እዩ። ሻጩን ሳይሆን ቡድኑን ጠይቁ።

ሌላም አለ። ለብላክአውት መፍትሄ ያገኛችሁ እንኳ ቢሆን «ሁሉም ጨዋታ» የሚባል ነገር የለም። አፕል ከ2022 ጀምሮ አርብ ማታ ጨዋታዎችን ለብቻው ይዟል፣ እነዚያ ጨዋታዎች በሌላው ፓኬጅ አይመጡም። በአገር አቀፍ ደረጃ የተሸጡ ሌሎች ጨዋታዎችም እንዲሁ ናቸው። አንዳንዱ ቅዳሜ በፎክስ ነው፣ እሱን በተራ አንቴና በነጻ ማየት ይቻላል፣ እግዜር ይስጣቸው።

እና ሻጮቹ ለምን ማርችና ኤፕሪልን ይመርጣሉ? ያኔ ሁላችንም እብድ ስለሆንን ነዋ። ሁሉም ቡድን ዜሮ ለዜሮ ነው፣ ሁሉም ሰው ዘንድሮ የኛ ነው ይላል። ቡድኑ ገና በመጀመሪያው ሳምንት አራት ካሸነፈ ሰው ካርዱን ይመዛል። ግን ሲዝኑ 162 ጨዋታ ነው፣ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ይሄዳል፣ ኤፕሪል ደግሞ ይዋሻል። ታምፓ ቤይ በ2023 ሲዝኑን በ13 ተከታታይ ድል ነበር የጀመረው፤ ኦክቶበር ላይ ቴክሳስ ሁለት ጨዋታ አሸንፎ አሰናበተው። የኛዎቹን ደግሞ አስታውሱ፣ በ2019 ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸንፈው ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ነበር፣ በዚያው ዓመት ወርልድ ሲሪስን፣ የሊጉን ዋንጫ፣ ወሰዱ። ኤፕሪል ላይ ተስፋ ቆርጦ ፓኬጁን የሰረዘም፣ ኤፕሪል ላይ ጓጉቶ ለዓመት የገዛም፣ ሁለቱም የቸኮሉ ናቸው። መክፈል ካለባችሁ በወር በወር ክፈሉ። ሲዝኑ እየገፋ ሲሄድ የቀረው ክፍል ዋጋ ብዙ ጊዜ ይወርዳል።

ፓኬጁ ለማን ይጠቅማል ካላችሁ፣ የሚወደው ቡድን ሩቅ ለሆነበት ሰው ነው። ሲያትል አሥር ዓመት ኖሮ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የመጣና ልቡ ማሪነርስ ጋ የቀረ ሰው አውቃለሁ፤ የማታ ፈረቃ ነው የሚሰራው፣ የዌስት ኮስት ጨዋታ እዚህ ወደ እኩለ ሌሊት ስለሚገፋ ለሱ እጅግ ተስማምቶታል። እንደሱ ከሆናችሁ ግዙ፣ ግን ከመግዛታችሁ በፊት የቲ-ሞባይል ስልክ መስመር ይኖራችሁ እንደሆነ እዩ። ድርጅቱ የሊጉን ስትሪሚንግ ለደንበኞቹ በጸደይ ለዓመታት በነጻ ሲሰጥ ቆይቷል፤ የሚከፈተው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው፣ ያለፈው አለፈው። ቤተሰብ ውስጥ አንድ ሰው መስመሩ ካለው ጠይቁት። ብላክአውቱ ግን እዚያም ያው ነው።

አደራ የምለው ደግሞ አውቶማቲክ እድሳቱን ነው። አምና የገዛችሁት የዓመት ፓኬጅ ሲዝኑ ሳይጀመር በራሱ ጊዜ ይታደስና ገንዘቡ ከካርዳችሁ ይቆረጣል፣ ኢሜይሉን ያላየ ሰው ቢል ላይ ነው የሚያገኘው። ፌብሩዋሪ ላይ ገብታችሁ አጥፉት። ቪፒኤን (ያላችሁበትን ቦታ የሚደብቅ ፕሮግራም) ተጠቀሙ የሚሏችሁ ጎበዞችም አሉ፤ ውሉን ይጥሳል፣ አካውንታችሁ ቢዘጋ አቤት የምትሉበት የለም። በዋትስአፕና በቴሌግራም «ሙሉ ዓመት፣ የዓለም ቻናል በሙሉ» እያሉ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ ሳጥን የሚሸጡትን ግን በፍጹም አትጠጉ። ገንዘቡን በዜል ትልካላችሁ፣ ቻናሉ በሜይ ይጠፋል፣ ሰውየውም አብሮ ይጠፋል። ወገን ነው ብላችሁ አትታለሉ፣ ወገንም ይሸውዳል።

ለናሽናልስ ሬዲዮ አለላችሁ፣ 106.7 ኤፍኤም፣ በነጻ። ታክሲና ኡበር የምትነዱ ይሄን ታውቁታላችሁ። ኢኒንግ በኢኒንግ (ዙር በዙር) የሚተርኩት ሰዎች ጎበዞች ናቸው፣ እንዲያውም ጨዋታውን ለመማር ከቴሌቪዥን ይሻላል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስለ ቲኬት ባጭሩ። የመክፈቻ ቀን ቲኬት አትግዙ፣ ዋጋው ሌላ ነው። ኤፕሪል ማክሰኞና ረቡዕ ማታ ይበርዳል፣ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ቲኬቱም ርካሽ ነው፣ በሜትሮ ግሪን ላይን ኔቪ ያርድ ወርዳችሁ መሄድ ነው። ከሜይ 2025 ጀምሮ ቲኬት ሻጭ ክፍያውን ሁሉ አንድ ላይ ደምሮ ከመጀመሪያው ማሳየት በሕግ ግዴታው ነው፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ዋጋ ከጨመረባችሁ ውጡ። ዝናብ ጨዋታውን ካሰረዘ ደግሞ ቲኬቱ ወደ ሌላ ቀን ይዞራል እንጂ ገንዘብ አይመለስም፣ ያ ቀን እናንተ ሥራ ብትሆኑም።

በስልክ ለሚሸጥላችሁ ኬብል ግን ይህን አድርጉ። ሻጩን «ዚፕ ኮዴ ይሄ ነው፣ ናሽናልስን በቀጥታ አያለሁ ወይስ አላይም? በኢሜይል ጻፍልኝ» በሉት። አልጽፍም ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል። ኤፍሲሲ (የመንግሥት የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) በማርች 2024 ባወጣው ደንብ መሠረት የኬብልና የሳተላይት ድርጅቶች የሪጅናል ስፖርቱን ክፍያ ጨምረው አንድ ጠቅላላ ዋጋ ማሳየት አለባቸው፤ ስለዚህ «ፓኬጁ ይህን ያህል፣ ሌላው ቢል ላይ ይታያል» የሚል ጨዋታ የለም። ክሬዲት ካርድ ተጠቀሙ፣ ዴቢት አይደለም። የተሳሳተ ክፍያ ካያችሁ ቢሉ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለካርዱ ድርጅት በጽሁፍ አመልክቱ። ኤፍሲሲ ድረ ገጽ ላይም ቅሬታ ማስገባት ይቻላል፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ድርጅቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት።

ጓደኛዬም ያደረገው ይሄንኑ ነው። በስልክ «አይመለስም» ሲሉት ቆዩ፤ ቅሬታው ኤፍሲሲ ከገባ በኋላ ግን ሌላ ክፍል ያለች ሴትዮ ራሷ ደወለችለት፣ አነጋገራቸውም ተለወጠ። የቀሩትን ሦስት ክፍያዎች ሰርዘውለታል። የመጀመሪያውን ግን እስካሁን አልመለሱም፣ «ተጠቅመውበታል» ነው የሚሉት፤ ካንሳስ ሲቲን ለሁለት ደቂቃ አይቶ ነበርና። ያ ጉዳይ አሁን ካርዱ ድርጅት ጋ ነው፣ መልሱ ሲመጣ እጽፍላችኋለሁ።