ፒስ የሚባለው ቢጫ ጽጌረዳ ጎንደር ላይ እንዴት ነው?

አዘዞ መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት ገዝቼ ግቢ ተከልኩት፣ ይኸው ሁለተኛ ክረምቱን ያዘ። አበባው ግን ሲያምር! ትልልቅ ነው፣ ቢጫ ሆኖ ጫፉ ወደ ሮዝ ይሄዳል፣ ፀሐይ ሲበረታበት ደሞ ይነጣል። ያዳቀለው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ሜያን ነው፣ ፒስ ማለትም ሰላም የተባለው እ.ኤ.አ. በ1945 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያልቅ ሲል ነው።

ችግሩ ክረምት ላይ ነው፣ ሐምሌ ዝናቡ ሲደጋገም ቅጠሉ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣና ይረግፋል (ቢጫ ጽጌረዳ ይሄ አመሉ ነው፣ ከፋርሱ ቢጫ ጽጌረዳ ቀለሙንም በሽታውንም ወረሰ)፣ እኔ የረገፈውን እየለቀምኩ አቃጥላለሁ፣ ውሃም ከሥሩ ነው የማጠጣው እንጂ ቅጠሉን አላርሰውም። መስከረም ላይ ከአደይ ጋር መልሶ ሲያብብ እናቴ ቡናዋን እዛው አጠገቡ ታፈላለች። ሽታው ግን ቀለል ያለ ነው፣ ለሽታ ብላችሁ እንዳትገዙት።