ደብረ ብርሃን ላይ ቤዝ ጊታር መማር ለምትፈልጉ

ደብረ ብርሃን ላይ ቤዝ የት ልማር ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ ሁለት ወር የተማርኩበትን ቤት ልንገራችሁ። ከፊት የሬዲዮና የቴፕ መጠገኛ ነው፣ ከኋላ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ማስታወቂያ የለውም፣ ሰው ለሰው እየነገረ ነው የሚኬደው። የሚያስተምሩት ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው ናቸው፣ በደርግ ጊዜ በኪነት ቡድን ውስጥ ቤዝ ይጫወቱ ነበር። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት፣ በወር 2,000 ብር።

ለምን እንደወደድኩት ለመናገር ከዚያ በፊት የሆነውን ማንሳት አለብኝ። ሌላ ከተማ አንድ ቦታ፣ ስሙ ይቅርና፣ ስድስት ሳምንት ተምሬ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ግራ እጄን ፍሬት (አንገቱ ላይ በተርታ የተተከሉት ብረቶች) ላይ አስቀምጠው ስኬል፣ ማለትም የድምፆችን ቅደም ተከተል፣ አስያዙኝ። ቀኝ እጄን ግን እስክጨርስ ድረስ አንድም ሰው አላየልኝም። ኖታውን ስቼ አላውቅም፣ ግን አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ይሰምጣል፣ የማልነካው ክር ሁሉ ከበስተጀርባ እያጉረመረመ አብሮኝ ይሄዳል። ሃያ ደቂቃ ስጫወት ክንዴ ይዝላል። ችግሩ ግራ እጄ መስሎኝ ግራዬን ነበር የማደክመው።

ጋሼ አንድ ነገር አጫወቱኝና ሳልጨርስ አስቆሙኝ። «ልጄ፣ ግራ እጅህ ኪስህ ይግባ። ስንደርስበት እንጠራዋለን» አሉኝ። ሦስት ሳምንት ኪሴ ውስጥ ነበር። ጀማሪ ሆናችሁ ቶሎ ዘፈን ለመጫወት ከቸኮላችሁ ይሄ ያበሳጫችኋል፣ እኔንም አበሳጭቶኛል። አሁን ግን ከከፈልኩት ገንዘብ ሁሉ ዋጋ ያገኘሁበት ያ ሦስት ሳምንት ነው።

የጀመርነው ከአውራ ጣት ነው። የቤዝ አራት ክሮች ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ይባላሉ። ወፍራሙን ክር፣ ኢን፣ ስትመታ አውራ ጣትህ ፒካፑ (ከክሮቹ ሥር ሆኖ ድምፃቸውን የሚቀበለው ዕቃ) ላይ ይቀመጣል። ወደ ኤ ስትወርድ አብሮ ይወርድና ኢ ላይ ያርፋል። ጂ ላይ ስትደርስ ደግሞ ኤ ላይ ተኝቶ ኢንም በጎኑ ይነካል። እኔ ፒካፑ ላይ ተክዬው ነበር የምጫወተው፣ ስለዚህ ጂ ላይ ለመድረስ ጣቶቼ ይንጠራራሉ፣ አንጓዬ ይታጠፋል፣ ከላይ ያሉትን ክሮች ዝም የሚያሰኛቸው የለም። ያ የሚያጉረመርም ድምፅ የመጣው ከዚህ ነው። አውራ ጣት ሲንቀሳቀስ ግን እጅህንም ይደግፋል፣ ክሩንም ዝም ያሰኛል። ይህችን ብቻ ተምሬ ብመለስ እንኳ አይቆጨኝም ነበር።

ቀጥሎ አመታቱ። ከቦክስ ጊታር የመጣ ሰው ክሩን በጣቱ ቆልምሞ ወደ ላይ፣ ወደ መዳፉ ይስባል። ቤዝ ላይ እንዲህ ስታደርግ ክሩ ፍሬቱን እየመታ ይንቀጫቀጫል። ጋሼ የሚያስተምሩት ጣትህ ክሩን ገፍቶ አልፎ በሚቀጥለው ክር ላይ እንዲያርፍ ነው። ኤን መትተህ ኢ ላይ ታርፋለህ። የኢ ጊዜ ደግሞ ጣትህ እዚያው ፒካፑ ላይ ወዳለው አውራ ጣትህ ይሄዳል። ኃይሉ የሚመጣው ጣት ከመዳፍ ጋር ከሚገናኝበት ትልቁ አንጓ ነው፣ ከጣት ጫፍ አይደለም፣ ከክንድም አይደለም። ጥፍር ደግሞ ይቆረጥ። በመጀመሪያው ቀን ጥፍር መቁረጫ ከመሳቢያ አውጥተው ነው የሰጡኝ።

ከሁሉም አንድ ቀን አይረሳኝም። ትምህርቱ መሃል ላይ መብራት ጠፋ፣ አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ዝም አለ። እኔም ራሴን ለመስማት ክሩን አጥብቄ መምታት ጀመርኩ። ጋሼ እጄን ያዙና «እቤትህ ሆነህ እጅህን የምታበላሸው እንዲህ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አምፕ የሌለው ሰው ድምፁ እንዲሰማው በኃይል ይመታል፣ ያም ልማድ ይሆናል፣ በኋላ አምፕ ላይ ሲሰካ ሁሉ ነገር ይጮኻል፣ እጁም ይደክማል። ከዚያ ጎንበስ አሉና አገጫቸውን የቤዙ የላይኛው ቀንድ (ከአካሉ ወጣ ያለው ጫፍ) ላይ አስደገፉ፣ ክሩን ዳሰስ አድርገው ነኩት፣ «አሁን አንተ» አሉኝ። አገጬን አስደግፌ ኢን በቀስታ ስመታ ድምፁ በእንጨቱ አልፎ በአጥንቴ ጭንቅላቴ ውስጥ ሞላ። ወፍራም፣ ሙሉ ድምፅ። ጎኔ የተቀመጠው ልጅ ምንም አልሰማም። አሁን ቤት ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምለማመደው። አምፕ ካላችሁ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ እጃችሁን አለስልሱ።

ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ማፈራረቅ ላይ ሳምንት ሙሉ ቆየን። ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) በደቂቃ 60 ላይ፣ በአንድ ምት አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ ሌላ ምንም የለም። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፣ አሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጄመርሰን ሞታውን የሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ ያወጣውን ያን ሁሉ ሙዚቃ በአንድ ሌባ ጣቱ ተጫውቶት የለ እንዴ ብዬ ተከራከርኩ። ጋሼ አልተቆጡኝም፣ ችክቻ አስጀመሩኝ። ችክቻ ስድስት ሆና ሦስት ሦስት ነው የምትከፈለው። ሁለት ጣት ስታፈራርቅ የመጀመሪያው ሦስት በሌባ ጣት ይጀምራል፣ ሁለተኛው ሦስት በመሃል ጣት። ስለዚህ ጠንካራው ምት አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ጣት ላይ ይወድቃል። የመሃል ጣትህ ከሌባ ጣትህ እኩል ካልመታ ችክቻዋ ታነክሳለች። እኔ ስመታ ታነክስ ነበር፣ በጆሮዬ ሰማሁት። እኛ አገር ሙዚቃ ለሚጫወት ሰው ይሄ ነገር ቅንጦት አይደለም፣ ሠርግ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚመታው ይሄው ነው።

ከቀጭኑ ክር ወደ ወፍራሙ ስትመለስ ግን ማፈራረቁ ይቀራል። ጂን መትቶ ዲ ላይ ያረፈው ጣት ራሱ ዲን ይመታል። ጣቱ እዚያው ነውና።

ድምፁን ለመለወጥም አምፑን አትንኩ ይላሉ። እጅህን ወደ አንገቱ ስታስጠጋ ድምፁ ክብና ለስላሳ ይሆናል፣ ወደ ብሪጁ (ክሮቹ ከታች ወደሚታሰሩበት) ስትሄድ ይጠነክርና ይጠራል። ለትዝታ ወደ አንገቱ፣ ለፈጣን ነገር ወደ ብሪጁ። የሁለቱን ልዩነት በአንድ ክር ላይ ብቻ አሥር ደቂቃ አስደመጡኝ።

የማይመች ነገርም አለው። አምፑ አንድ ነው፣ ሁለት ተማሪ ከሆናችሁ ተራ ትጠብቃላችሁ። የቤቱ ቤዞች ክራቸው አርጅቷል፣ የራሳችሁ ካለ ይዛችሁ ሂዱ። የግራኝ ቤዝ የለም። በጽሑፍ የሚሰጥ ነገር ስለሌለ ደብተር ያስፈልጋል። ስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት እየመቱ መጫወት) ለመማር ከሆነ የምትሄዱት ጋሼ አያስተምሩም፣ በግልጽ ይነግሯችኋል። የግራ እጅ ትምህርቱ ደግሞ ለእኔ ትንሽ ፈጠነብኝ፣ ለቀኙ የሰጡትን ትዕግሥት ግማሹን ቢሰጡት ደስ ይለኝ ነበር።

ብርዱንም ሳልናገር አላልፍም። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ውርጭ ነው፣ ክፍሏም ፀሐይ አይገባባትም። የቀዘቀዘ ጣት ምን ያህል እንደሚመታ አያውቅም፣ ሳታስበው ታጠነክራለህ፣ በማግስቱ የጣትህ ጫፍ ውኃ ይቋጥራል። ውኃ ከቋጠረ ጋሼ ቤዙን ይቀበሉሃል፣ ሁለት ሦስት ቀን አርፈህ ና ይላሉ። እሳቸው ራሳቸው ሻይ አስመጥተው ብርጭቆውን በሁለት እጃችን ሳንይዝ አያስጀምሩንም። ስለዚህ የምትመዘገቡ ከሆነ የከሰዓቱን ጠይቁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያለው ክፍለ ጊዜ ሞቅ ይላል። እኔ ለሦስተኛው ወር የከፈልኩት ለእሱ ነው።