«ሙሉ የዲፕ ስካይ ፓኬጅ» የሚባለውን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

በቴሌግራም «ሙሉ የዲፕ ስካይ ፓኬጅ» እየተባለ የሚሸጥ ዕቃ አለ። ዲፕ ስካይ የሚባሉት እንደ ጋላክሲና ኔቡላ (በህዋ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) ያሉ ሩቅና ደብዛዛ ነገሮች ናቸው። ቴሌስኮፕ፣ ያገለገለ ካሜራ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ቀለበት፣ መቆሚያና ሪሞት አንድ ላይ ነው የሚሸጡት። «ኔቡላና ጋላክሲ ከደጃፍዎ ያንሱ» ይላል ማስታወቂያው። ዋጋው ባለ ስድስት አሃዝ ነው። እባካችሁ ቀብድ እንዳትከፍሉ።

እኛ ሰፈር፣ ለገጣፎ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ገዝቶት እንድመለከትለት ይዞልኝ መጣ። ብሩ የእናቱ እቁብ ነው። እሳቸውም ለልጃቸው ብለው ሳያቅማሙ ነው የሰጡት። እኔ በሰንዳፋ በኩል ከከተማው መብራት እየራቅኩ ለዓመታት ሰማይ ሳነሳ ኖሬያለሁ። ዕቃውን አንድ በአንድ ፈታተን አየነው። ያየሁትን እንዳለ እጽፍላችኋለሁ።

ከፎቶው ልጀምር። ሻጩ «በዚሁ ቴሌስኮፕ የተነሳ» ብሎ የላከለት የኦርዮን ኔቡላ ፎቶ ነው። በጣም ያምራል። ግን ደማቆቹን ኮከቦች አጉልታችሁ ስታዩ እያንዳንዳቸው እንደ መስቀል አራት ጨረር አላቸው። ይህ ጨረር የኮከቡ አይደለም። በመስታወት ቴሌስኮፕ ውስጥ ትንሿን መስታወት የሚይዙ ቀጫጭን ብረቶች አሉ፤ ብርሃኑ እነሱን ሲያልፍ ይበተንና ያን ቅርጽ ይሠራል። ለልጁ የተሸጠለት ግን የሌንስ ቴሌስኮፕ ነው። ውስጡ ትንሽ መስታወትም የለ፣ የሚይዘው ብረትም የለ። ያ ፎቶ ከዚያ ቴሌስኮፕ ሊወጣ አይችልም።

ስለዚህ ማንም «እኔ ያነሳሁት ነው» ካላችሁ ዋናውን ሮው ፋይል (ካሜራው ያለ ምንም ማስተካከያ የሚያስቀምጠውን) ጠይቁት። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክላችሁ። ፋይሉ ካሜራውን፣ ቀኑንና ስንት ሰከንድ እንደተነሳ መዝግቦ ይይዛል። እንደ ፎቶ ሲላክ ግን ይህ መረጃ ይጠፋል። ልጁ ሮው ፋይሉን ሲጠይቅ ሻጩ ብሎክ አደረገው።

ማስታወቂያው ላይ ከጀርባ የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ (የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ) ጉልላት ይታያል። እዚያ ያሉት ሁለት ቴሌስኮፖች የመስታወታቸው ስፋት 1 ሜትር ነው። የዚህ ፓኬጅ ሌንስ 70 ሚሊሜትር ነው። የእንጦጦው ከ200 እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። በሁለቱ መካከል ምንም ግንኙነት የለም፤ ጉልላቱ የገባው እምነት እንዲጣልበት ብቻ ነው።

ካርቶኑ ላይ «525 እጥፍ ያጎላል» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ቴሌስኮፕ በደህና አየር የሚችለው ትልቁ ማጉላት የስፋቱ በሚሊሜትር እጥፍ ያህል ነው። ለ70 ሚሊሜትር 140 ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚታየው ብዥታ ነው። ለፎቶ ደግሞ ማጉላት ዋናው ጉዳይ አይደለም። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ በሰማይ ላይ 3 ዲግሪ ያህል ይሰፋል፤ ስድስት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን እንደ ማለት ነው። የሚቸግረው ትንሽነቱ ሳይሆን ድብዝዝነቱ ነው። ብርሃኑ ረጅም ጊዜ መሰብሰብ አለበት።

በጣም ያናደደኝ ሪሞቱ ነው። ማስታወቂያው «በሪሞት የሚሠራ» ይላል። ልጁም ቴሌስኮፑ በሞተር ኮከብ እየተከተለ የሚዞር መስሎታል፤ ማንም ይመስለዋል። ሪሞቱ አንድ ቁልፍ ያላት ትንሽ ፕላስቲክ ናት። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ ተገናኝታ የስልኩን ካሜራ ቀጭ ታደርጋለች። በቃ፣ ሥራዋ ይኸው ነው። መቆሚያው ላይ ሞተር የሚባል ነገር የለም።

እንዲህ ባለ ቴሌስኮፕ ደግሞ ሞተር ከሌለ ዲፕ ስካይ የለም። ምድር ስለምትዞር ሰማዩ በየሰከንዱ 15 አርክ ሰከንድ (1 ዲግሪ 3600 አርክ ሰከንድ ነው) ይሄዳል። በዚህ ቴሌስኮፕ የፎካል ርዝመት (ከሌንሱ እስከ ምስሉ ያለው ርቀት)፣ ማለትም በ700 ሚሊሜትር፣ እና በልጁ ካሜራ ሒሳቡን ሠራነው። ኦርዮን አካባቢ ያለ ኮከብ በ1 ሰከንድ ብቻ ወደ 12 ፒክስል ይንሸራተታል። 10 ሰከንድ ብትከፍቱት ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ረጅም መስመር ይሆናል። ኔቡላው ደግሞ ደቂቃዎችን ይፈልጋል። በዚያ ላይ የካሜራው ክብደት የፕላስቲኩን ፎከሰር (ምስሉ የሚጠራበትን ክፍል) ወደ ታች ይጎትተዋል። ነፋስ ሳይኖር እንኳ መቆሚያው ይንቀጠቀጣል።

ታዲያ ልጁ ሲገዛ ለምን አላወቀም? ሻጩ የቀጠረው በቀን፣ ካፌ በረንዳ ላይ ነው። ቴሌስኮፑን ሩቅ ያለ ህንፃ ላይ አነጣጥሮ አሳየው። ህንፃ አይንቀሳቀስም፣ ብርሃኑም ሞልቷል። ጥርት ብሎ ይታያል። የሚሸጥላችሁ ሰው ማታ፣ ደመና በሌለበት፣ ኮከብ ላይ አነጣጥሮ የ1 ደቂቃ ፎቶ እፊታችሁ ያንሳ። እምቢ ካለ ተነሱና ሂዱ።

ካሜራውንም «ለአስትሮ የተቀየረ» ብሎ ዋጋ ጨምሮበታል። እንዲህ ያለ ቅየራ በእርግጥ አለ። ብዙ ኔቡላዎች የሚያበሩት ቀዩ የሃይድሮጅን ብርሃን 656 ናኖሜትር ላይ ነው፤ የተለመደው ካሜራ ውስጥ ያለው ማጣሪያ አብዛኛውን ያስቀረዋል። የተቀየረው ያሳልፈዋል። ማወቂያው ቀላል ነው። ዋይት ባላንሱን (የካሜራውን የቀለም ማስተካከያ) «ፀሐይ» በሚለው ምርጫ ላይ አድርጋችሁ ደጅ ላይ ነጭ ወረቀት አንሱ። ቅየራው እውነት ከሆነ ወረቀቱ ቀላ ብሎ ይወጣል። የልጁ ካሜራ ነጭ አድርጎ አነሳው።

ሌላም የመስታወት ፓኬጅ አላቸው፣ 114 ሚሊሜትር የሚሉት። ግማሽ ሜትር የሆነ ቱቦ ላይ የፎካል ርዝመቱ «1000 ሚሊሜትር» ተብሎ ተጽፎ ካያችሁ ፎከሰሩ ውስጥ የተደበቀ ሌንስ አለ ማለት ነው። በብዙዎቹ ላይ ካሜራ ሲገጠም ፎከስ አይደርስም። እሱንም ተዉት።

ሳጥኑ ውስጥ ከአይፒሱ (ዓይን ከሚጠጋበት ሌንስ) ጋር የሚታሰር ጥቁር «የፀሐይ ፊልተር» ካገኛችሁ ሰባብራችሁ ጣሉት። ቴሌስኮፑ የሰበሰበው ሙቀት በሙሉ እሱ ላይ ያርፋል፤ ድንገት ይሰነጠቅና ዓይን ያጠፋል። የፀሐይ ማጣሪያ የሚደረገው ከቴሌስኮፑ ፊት፣ ብርሃኑ ሳይሰበሰብ በፊት ነው። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ አትዘናጉ።

ከልባችሁ ዲፕ ስካይ ማንሳት ከፈለጋችሁ ብሩን መጀመሪያ ሞተር ባለው ኢኳቶሪያል ማውንት (የሰማዩን ዙረት ተከትሎ ቴሌስኮፑን የሚያዞር መቆሚያ) ላይ አውሉት። ስትገዙም «ወደ 9 ዲግሪ ይወርዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች የማውንቱ መዞሪያ ዘንግም ወደ ሰሜን፣ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ መነጣጠር አለበት። አንዳንዶቹ ከ15 ዲግሪ በታች አይወርዱም። የሚወርዱትም ቢሆኑ ሚዛን መጠበቂያው ክብደት የመቆሚያውን እግር ሊመታ ይችላል። ሻጭ ይህን ሲነግራችሁ ሰምቼ አላውቅም።

ለማውንት አቅም እስኪኖር ተራ ካሜራና 50 ሚሊሜትር ሌንስ ይበቃል፤ የፎካል ርዝመቱ አጭር ስለሆነ ኮከቡ ቶሎ አይንሸራተትም። በትራይፖድ 6 ሰከንድ እየከፈታችሁ ደጋግማችሁ አንሱና ሲሪል ወይም ዲፕ ስካይ ስታከር በሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ደራርቡት። በህዳር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ አንድሮሜዳ፣ በጥር በዚያው ሰዓት ኦርዮን ከፍ ብለው ታገኟቸዋላችሁ። ልጁን አሁን በዚህ አስጀምሬዋለሁ።

ከፍላችሁ ከሆነ ማስታወቂያውን፣ የተጻጻፋችሁትንና የባንክ ማስተላለፊያውን ዛሬውኑ ስክሪንሾት አድርጉ፤ ቻናሉ ልጥፎቹን ያጠፋል። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፣ ነጋዴም ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። እኛ ማስረጃውን ይዘን ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት እየሄድን ነው። የእናንተም ካለ ብዙ ሆነን ብናመለክት ይሻላል።