የቆየ የባሕር መብራት ማማ ሲጠገን፦ ኖራ ወይስ ሲሚንቶ?

በታዝማኒያ፣ ብሩኒ ደሴት ላይ ያለው የኬፕ ብሩኒ የድንጋይ ማማ እ.ኤ.አ. በ1838 በርቶ በ1996 ጡረታ ወጣ፤ ሥራውን በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት ተረከበው። መብራት ቢጠፋም ነፋስና ጨው እረፍት አያውቁም። እንዲህ ያለ ግንብ መጋጠሚያው ሲበላ በምን ይሞላ?

ሲሚንቶ ቶሎ ይጠነክራል፤ ጀልባ እንደ ልብ በማይገኝበት ደሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጥፋቱ ግን አለመተንፈሱ ነው። በቀጭን ስንጥቅ የሰረገው ጨዋማ ውሃ መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይተናል፤ ጨዉ ውስጥ ሲረጋ የድንጋዩን ፊት እንደ ቅርፊት ይልጠዋል። ግንቡ በሲሚንቶ ከተለሰነ በመዶሻ እጀታ ቆርቆር አድርጉት፤ እንደ ከበሮ ካስተጋባ ልስኑ ለቋል።

ኖራ እርጥበቱን ያስወጣል፣ ከግንቡም ጋር ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ለባሕር ዳር እርጥበት ባለበትም የሚጠነክረው ሃይድሮሊክ ኖራ ይሻላል፦ 1 እጅ ኖራ ለ2.5 እጅ የታጠበ ሸካራ አሸዋ። የባሕር ዳርቻ አሸዋ ክልክል ነው፤ ጨዉን በገዛ እጅ ማስገባት ነው። አሮጌውን በመሮ ቢያንስ 25 ሚሊሜትር ቆፍሮ ማውጣት፣ ግንቡን ማርጠብ፣ ሞልቶ ጠቅጥቆ በእርጥብ ጆንያ ለሳምንት መሸፈን ያስፈልጋል። ነፋሱ ቶሎ ካደረቀው ዱቄት ሆኖ ይረግፋል፤ ከ5 ዲግሪ በታች ብርድ ካለ ደግሞ አይጀመርም።

በጎንደር ፋሲል ግቢም በጣልያን ጊዜ የገባው ሲሚንቶ ኋላ በኖራ ተተክቷል። ሲሚንቶን ለአዲስ ኮንክሪት ወለል ተዉት።