ለአባዬ ሐኪምና ለላብራቶሪው ልጅ ምስጋና፣ በእድሜ የገፋ ወላጅ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ይሄን ፖስት አባዬ ከሆስፒታል ወጥቶ በደንብ እስኪያገግም ጠብቄ ነው የምጽፈው፣ አሁን ተመስገን ቤቱ ነው፣ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፣ ምግብም እየበላ ነው። ማመስገን ያለብኝ ሁለት ሰዎች አሉ፣ አንዷ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ናት፣ አንዱ ደግሞ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው፣ ሁለቱም አዲስ አበባ አንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ ነው የሚሰሩት። ስማችንን ሶሻል ሚዲያ ላይ እንዳታወጪው ስላሉኝ እዚህ አልጽፈውም፣ ግን አባት እናት የሚያስታምም ሰው ኢንቦክስ ካደረገኝ ከነሆስፒታሉ እነግረዋለሁ።

አባዬ 77 ዓመቱ ነው፣ ደም ግፊት ከያዘው ብዙ ጊዜው ነው፣ ኩላሊቱም ትንሽ ደከም ያለ ነው። በጉንፋን ነው የጀመረው፣ ከዛ ትኩሳት መጣ፣ ከዛ ምግብ እምቢ አለ፣ ማታ ላይ ደግሞ መቃዠት ጀመረ፣ የሞተችውን ታላቅ እህቱን እየጠራ በሩን ክፈቱላት ይላል። ቅርብ ወዳለው ክሊኒክ ይዘነው ሄድን፣ ኦክስጅኑ 86 ነው፣ ደም ወሰዱና ትሮፖኒን የሚባል ምርመራ 0.06 ብሎ ወጣ፣ ጎኑ ላይ ከፍተኛ የሚል ምልክት አለው። ሃርት አታክ ነው ቶሎ ሌላ ቦታ ውሰዱት አሉን፣ በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ የለም። በምን ሁኔታ ሆነን ሆስፒታል እንደደረስን እግዜር ነው የሚያውቀው። እዛ ኢመርጀንሲ ከአፍንጫው ናሙና ወስደው ሲያዩት ኢንፍሉዌንዛ ኤ የሚባለው ቫይረስ ነው ተባለ፣ ራጅ ሲነሳ ሳንባ ምችም አለው። ትሮፖኒኑ ድጋሚ ሲሰራ ደግሞ 58! እህቴ ወረቀቱን አይታ ከ0.06 ወደ 58 ገባ ብላ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች፣ እኔም ጉልበቴ ከዳኝ።

ዶክተሯ የመጣችው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ አባዬ ጋ ሄዳ እጁን ይዛ አባባ እንዴት ነዎት፣ ደረትዎትን ያምዎታል ወይ ብላ ጠየቀችው፣ ኧረ ደረቴ ምንም አላለኝም ልጄ፣ ድካም ነው እንጂ አላት። ከዛ እኛን ወደ ጎን ጠርታ ሁለቱንም ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣ በእስክሪብቶ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን መለኪያ አከበበችው። የክሊኒኩ ናኖግራም በሚሊ ሊትር ነው፣ የሆስፒታሉ ናኖግራም በሊትር ነው፣ ሊትር ደግሞ 1000 ሚሊ ሊትር ስለሆነ 0.06 የተባለው በዚህኛው መለኪያ 60 ነው ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ አልዘለለም። እንደውም ማሽናቸው ስለሚለያይ ሁለቱን ማወዳደሩ ራሱ ልክ አይደለም፣ ከአሁን ጀምሮ እዚሁ በአንድ ማሽን ብቻ ነው የምንከታተለው አለች። እህቴ እንባዋን የጠረገችው ያኔ ነው፣ ያቺን ደቂቃ አልረሳትም።

ከዛ ትሮፖኒን ምን እንደሆነ አስረዳችን። የልብ ጡንቻ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፣ ጡንቻው ሲጎዳ ወደ ደም ይወጣል። ትሮፖኒን ልብ እንደተጎዳ ይናገራል፣ ለምን እንደተጎዳ ግን አይናገርም። የደም ስር ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ሃርት አታክ የምንለው ነው። ግን ቫይረስ ያለበት ሰው ኦክስጅኑ ሲወርድ፣ በትኩሳት ልቡ በፍጥነት ሲመታ፣ ሰውነቱ በኢንፌክሽኑ ሲቆጣ፣ አንዳንዴም ቫይረሱ የልብ ጡንቻውን ራሱን ሲያስቆጣው ቁጥሩ ይወጣል። በእድሜ የገፋ ሰው ላይ፣ በተለይ ግፊትና የኩላሊት ድካም ካለበት፣ ጤነኛ በሆነበት ቀንም ትንሽ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ታዲያ እንዴት ይለያል ብዬ ስጠይቃት ያለችኝ ነገር በጣም ገባኝ፣ ዳገት ላይ የቆመ ሰው በአንድ ፎቶ ብታዪው እየወጣ ይሁን እየወረደ አታውቂም፣ ደጋግመሽ ማየት አለብሽ አለችኝ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ይደገማል፣ ጠዋትም ይደገማል፣ እስከዛ ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ወረቀት ላይ የሚያወጣውን ምርመራ፣ እያየን ኦክስጅን እየሰጠን እንጠብቃለን አለች።

እዚህ ጋ ነው የላብራቶሪው ልጅ የሚመጣው። አባዬ ክንዱ ላይ ደም ስር ማግኘት ከባድ ነው፣ ቆዳው ስስ ነው፣ ቀድሞ የተወጋበት ሁሉ በልዟል። ልጁ ሌሊት ነው የመጣው፣ የምርመራ ጓንት ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ሞልቶ አስሮ አባዬ እጅ ላይ አስቀመጠና ስሩ እስኪወጣ እያወራው ጠበቀ፣ ከዛ በአንድ ጊዜ አገኘው። ብልቃጡ ላይ ስም ብቻ ሳይሆን ደሙ የተወሰደበትን ሰዓት ከነደቂቃው ጻፈ፣ ምክንያቱም ሰዓቱ ካልታወቀ መደጋገሙ ትርጉም የለውም። አንዱ ናሙና ላይ ደግሞ ቀይ የደም ሴሎቹ ፈርሰውበት ነበር፣ እንዲህ ሲሆን ውጤቱ ሊዛባ ይችላል፣ ዝም ብሎ አሰርቶ ቁጥር መላክ ሲችል ራሱ ተመልሶ መጥቶ ይቅርታ አባባ ድጋሚ ልወስድ ነው አለው፣ ሁለተኛም አላስከፈሉንም። እንደዚህ አይነት ሰው ማንም አያየውም፣ ሐኪሙ ነው የሚመሰገነው፣ ስለዚህ እኔ ላመስግነው። ወንድሜ እጅህ ይባረክ።

ውጤቱ 58 ከዛ 61፣ በማግስቱ 74፣ ከዛ መውረድ ጀመረ፣ 49 ገባ። ዶክተሯ በዚህ መሃል የድሮ ኢሲጂ አላችሁ ወይ ብላ ጠየቀች፣ ወንድሜ ቤት ሄዶ የአባዬን ሳጥን በርብሮ የዛሬ ሁለት ዓመት የተነሳውን አገኘና ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ፣ ሲታይ አሁን ያለው ለውጥ ያኔም የነበረ ነው፣ አዲስ ነገር የለም። ኢኮም፣ የልብ አልትራሳውንድ ማለት ነው፣ ተሰራ፣ የልቡ ግድግዳ በግፊቱ ምክንያት ወፍሯል ግን የመምታት አቅሙ ደህና ነው፣ ሳይንቀሳቀስ የቀረ ክፍል የለም ተባለ። የልብ ስፔሻሊስት አማከረች፣ የተዘጋ ደም ስር ሳይሆን ኢንፌክሽኑና የኦክስጅን እጥረቱ በቆየው ግፊትና የኩላሊት ድካም ላይ ተደርቦ ያመጣው የልብ ጡንቻ ጉዳት ነው በሚለው ተስማሙ። ለሃርት አታክ የሚሰጠውን ጠንካራ የደም ማቅጠኛ ስላልጀመሩለት ደስ ብሎኛል፣ በሱ እድሜ በከንቱ ከተሰጠ የመድማት አደጋ አለው። ኦክስጅን፣ ለቫይረሱ ኦሴልታሚቪር የሚባለው መድኃኒት፣ ለሳንባ ምቹ አንቲባዮቲክ፣ ጉሉኮሱ ደግሞ በልክ፣ ልቡ ላይ ጫና እንዳይሆን።

ሌላም አለ። ኤንቲ ፕሮቢኤንፒ የሚባለው፣ ልብ ሲወጠር የሚወጣው፣ 1400 ሆኖ ወጣ፣ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ኖርማሉ ከ125 በታች ይላል። እኔ የልብ ድካም ነው ብዬ ደነገጥኩ። እሷ ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ለሁሉም የተጻፈ ነው፣ በድንገት ለታመመ ሰው በእድሜ ነው የሚታየው፣ ከ75 በላይ ለሆነ ሰው የልብ ድካም ነው ለማለት 1800 አካባቢ ነው ድንበሩ፣ ከ300 በታች ከሆነ ደግሞ አይደለም ይባላል፣ መሃል ላይ ያለ በምርመራ ይለያል አለችና ሳንባውን ከኋላ አዳምጣ፣ እግሩን ተጭና፣ የአንገቱን ደም ስር አይታ፣ ከኢኮው ጋር አገናዝባ ነው የወሰነችው።

ደህና ነው ብላ ግን አልተወችውም፣ እኔ በጣም የማከብራት ለዚህ ነው። በኋላ ራሴ ሳነብ ነው ለምን ያን ያህል እንደተጠነቀቀች የገባኝ። ኮቪድ በጀመረ ሰሞን በ2020 ዉሃን ውስጥ ሬንሚን ሆስፒታል የተኙ 416 ሰዎች ታይተው 82ቱ የልብ ጉዳት ነበረባቸው፣ ከነዚህ ውስጥ 51.2 በመቶው ሞተዋል፣ ልባቸው ካልተጎዳው 4.5 በመቶ። ልባቸው የተጎዳው ደግሞ በእድሜ የገፉትና ቀድሞ ግፊት ምናምን የነበረባቸው ነበሩ። ኢንፍሉዌንዛም ቢሆን ቀላል አይደለም፣ በ2018 የወጣ የካናዳ ኦንታሪዮ ጥናት ኢንፍሉዌንዛ በላብራቶሪ በተረጋገጠ በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት በሃርት አታክ ሆስፒታል የመግባት እድል ከሌላው ጊዜ ስድስት እጥፍ እንደሚሆን አሳይቷል። ማለትም አንድ ሰው ሃርት አታክ አይደለም ስለተባለ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። እሷም ለዛ ነው ማታ ከመሄዷ በፊት ለተረኛው ሐኪም ደረቱን ካመመው ወይ ላብ ካጠመቀው ወዲያው ኢሲጂ አንሱ ብላ ስትናገር እኛም እንድንሰማ የምታደርገው፣ ለኛም ለብቻችን ሽማግሌ ሰው ሁልጊዜ ደረቱን አያመውም፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይ መቃዠቱ ከተመለሰ ጥሩን አለችን።

እና የታመመ አረጋዊ ያላችሁ፣ የትም ሁኑ የት፣ ትሮፖኒን ከፍ ብሏል ከተባላችሁ መቼ ነው የሚደገመው፣ እዚሁ ማሽን ላይ ነው ወይ፣ ኢሲጂውስ ምን ይላል ብላችሁ ጠይቁ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም። ደረቱን የሚያመው ሰው ካለ ግን እኔን አታንብቡ፣ ሩጡ።

ዶክተርዬ፣ አንቺንም የወለዱሽንም እድሜና ጤና ይስጥልን፣ አባዬ ሲጸልይ ስምሽን እየጠራ ነው። እሷ ጋ ለመሄድ ያሰባችሁ ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ ቀጠሮ የምትሰጥባቸውን ቀኖች እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ ታዲያ ቤት ያለውን የድሮ ኢሲጂ፣ የኩላሊት ውጤትና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነካርቶናቸው ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።