እትዬን ከርዕስነት ላወረደችልኝ ልጅ

ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ የእድር ወይም የማኅበር መዝገብ ኮምፒውተር ላይ ያስገባችሁ ሁሉ፣ ይህቺን አንብቡልኝ፤ የእድራችንን ዝርዝር ስላስተካከለችልኝ አንዲት የኮምፒውተር ልጅ ነው።

የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ሥራውን የወረስኩት ከአባቴ ነው። እሱ በደብተር ነበር የሚጽፈው፤ «ኃይሉ»ን በ«ሀ» የጻፈ ሰው ካገኘ ሳያርም አያልፍም። እኔ ልዘምን ብዬ ኮምፒውተር ላይ አስገባሁት። ለአባላት መልእክት ለመላክ ዝርዝሩን አውጥቼ በኤክሴል ስከፍተው ኃይሉም የለ፣ ሀይሉም የለ። ዝባዝንኬ የፈረንጅ ፊደል ብቻ! የስልኮቹ መነሻ ዜሮም በሙሉ ጠፍቷል።

አንድ ኮምፒውተር ቤት ወሰድኩት። «ተበላሽቷል፣ እንደ አዲስ ይጻፍ» ብለው 1,500 ብር ተቀበሉኝ። ሳምንት አመላልሰው ምንም የለም። ሌላ ቤት ሄድኩ። ፊደሉ ተመለሰ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ በስልኩ ቦታ የሰፈር ስም ገብቶ አገኘሁት። መዝገቡ ላይ አንደኛ የሆኑት እትዬ ደግሞ መልእክቱ ጭራሽ አልደረሳቸውም። «ከእድር አስወጣችሁኝ ወይ?» ብለው ቤቴ ድረስ መጡ። አፈርኩ።

ይህቺ ልጅ ግን ዋናውን ፋይል ተቀብላ መጀመሪያ ኖትፓድ በሚባል ተራ የጽሑፍ ማንበቢያ ከፈተችው። ስሞቹ ቁጭ! የአባቴ «ኃ» ሳይቀር። «ጋሼ፣ ፋይሉ ደህና ነው፤ ኤክሴል ነው አሳስቶ ያነበበው» አለችኝ። እንባዬ መጣ። ኤክሴል ላይ ዩቲኤፍ ኤይት የሚባል የፊደል አነባበብ መረጠች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አልገባኝም፣ አልዋሽም።

የሰፈር ስም በስልክ ቦታ ያስገባችው፣ ከሰው ስም ቀጥሎ ሰፈሩን «ጠባሴ» ብዬ ለማስከተል ያደረግኳት የፈረንጅ ኮማ ናት፤ ፋይሉ ስምና ስልክን የሚለየው በእሷ ነው። የእኛዋ ነጠላ ሰረዝ ብትሆን ችግር አልነበረም። እትዬስ? ዝርዝሩ «ስም፣ ስልክ» የሚል የላይ መስመር ሳይኖረው ስለወጣ፣ ማሽኑ የመጀመሪያውን ሰው እንደ ርዕስ ቆጥሮታል። «እትዬን ርዕስ አድርገዋቸዋል እኮ!» ስትለኝ፣ ከስንት ቀን በኋላ ሳቅሁ።

በዚያ ብርድ፣ ጎረቤቶቿ ሱቅ ዘግተው ሲሄዱ እሷ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት አብራኝ ቆየች። የጠየቀችኝ 200 ብር ብቻ ነው። እግዜር ይስጣት!

ሂዱላት፣ እባካችሁ ሂዱላት። አድራሻዋን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ስትሄዱ በኤክሴል ከፍታችሁ ሴቭ ያላደረጋችሁትን ዋናውን ፋይል ያዙ፤ ዜሮዎቹ እዚያ ላይ አሉ።

እትዬ ትናንት መልእክቱ ደርሷቸዋል። ደውለው «አሁን ገና ሰው አደረጋችሁኝ» አሉኝ።